መኪናው ወሰደው

ስልኩ ሲጠራ እናትነሽ በድንበር ከተማዋ መተማ ዮሐንስ ከተከራየችው ክፍል ደጃፍ ተቀምጣ ሰሊጥ ታበጥር ነበር። ጊዜው 2012 ዓ.ም.፣ ወሩ ታኅሣሥ። ቁጥሩ የሱዳን መሆኑን ስታይ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቶሎ አነሳችው። ባሏ ውባየሁ የራሱ ስልክ አልነበረውም። ድንበሩን ተሻግሮ ፋሽጋ ውስጥ በቀን ሠራተኝነት ከገባበት እርሻ ሆኖ፣ የሰው ስልክ እየለመነ ነበር የሚደውልላት።

“አቤት ውባየሁ!”

“ውባየሁ አይደለሁም” አለ አንድ የወጣት ድምፅ። አማርኛው የሕፃን አማርኛ ይመስላል፤ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈለገ ያወጣቸዋል። “አንቺ የውባየሁ ሚስት ነሽ?”

“ነኝ። ምነው፣ ምን ሆነ?”

“ውባየሁን መኪናው ወሰደው።”

“ወዴት?”

ከወጣቱ ኋላ የሰዎች ጫጫታ ይሰማል። “አላህ ነው የሚያውቀው” አለ በመጨረሻ። “አይዞሽ።”

መስመሩ ተቋረጠ። መልሳ ብትደውል ዝግ ነው። በማግስቱም፣ በሳምንቱም ዝግ ነው። ከዚያ በኋላ ያ ቁጥር ጠርቶ አያውቅም።

በዚያ ድንበር ላይ “መኪና ወሰደው” ሲባል የማይገባው ሰው የለም። ፖሊስ ወረቀት የሌላቸውን አፍሶ በፒክአፕ ይጭናል። ወታደር ይጭናል። ሽፍታ ጭኖ ለማስለቀቂያ ገንዘብ ቤተሰብ ያስለምናል። የተጫነ ሰው አንዳንዴ በወሩ ይመለሳል፣ አንዳንዴ በዓመቱ ከወደ ሊቢያ ይደውላል። እናትነሽም የተረዳችው እንዲሁ ነበር። ውባየሁ ተጭኗል፤ የተጫነ ደግሞ የሆነ ቦታ ይወርዳል።

አብረውት የሄዱት ያገሩ ልጆች ሰሊጡን አጭደው በኅዳር ተመልሰው ነበር። “እሱ ማሽላውን ጨርሼ እመጣለሁ ብሎ ቀረ” ከማለት በቀር የሚያውቁት የለም። ታናሽ ወንድሙ ስንሻው ከደምቢያ ወርዶ አንድ ሰሞን ከእናትነሽ ጋር ድንበሩ ላይ ሲጠይቅ ከረመና ወደ እርሻው ተመለሰ። ወረርሽኙ መጣ፣ ኬላው ተዘጋ። ሲከፈት እናትነሽ ክፍሏን ለቀቀች፤ አንድ ብርድ ልብስ ጠቅልላ በእግሯ ከድንበሩ ማዶ ገላባት ገባች፤ ከዚያ በጭነት መኪና ገዳሪፍ።

ፋሽጋ ድረስ ለመሄድ አስባ ነበር። ግን ብዙም ሳይቆይ ትግራይ ውስጥ ጦርነት ተነሣ፤ የሱዳን ጦር ወደ ፋሽጋ ገባ፤ እርሻዎቹ ባለቤት ቀየሩ፤ የቀን ሠራተኛው ተበተነ። እናትነሽ በዚህ በኩል የቀራትን በር ሁሉ አንኳኳች። ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። እስር ቤት ሄደች። ሆስፒታል ገብታ የታማሚዎቹን ፊት እያየች አለፈች። ጣቢያ ያገኘችው ሻምበል መልካም ሰው ነበር፤ አስቀምጦ ጠየቃት።

“ምን ዓይነት መኪና ነው የወሰደው?”

“አላውቅም።”

“ቀለሙስ?”

“አላውቅም።”

“ታዲያ ምን ብዬ ልፈልግልሽ?”

እውነቱን ነበር። ስለዚህ መኪናውን ራሷ ልትፈልገው ወሰነች። ገዳሪፍ ውስጥ የገላባት መንገድ ሲጀምር የጭነት መኪኖች የሚቆሙበት ሰፊ ሜዳ አለ። እዚያ ሸራ ወጥራ፣ ከሰል አያይዛ ሻይ መሸጥ ጀመረች።

አረብኛውን በቶሎ ለመደች። ሱዳኖች መኪናን “አረቢያ” ይሉታል። ጥያቄዋንም ወደ እነሱ ቋንቋ መለሰችውና ለሾፌሩ ሁሉ እንዲህ ትል ጀመር፦ “ከፋሽጋ፣ በማሽላ አጨዳ ጊዜ፣ ውባየሁ የሚባል ሐበሻ የወሰደ አረቢያ ታውቃለህ?” ሾፌሮቹ ያስባሉ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዱ ከሰላ ከተማ ውስጥ እንደዚያ ያለ ሰው አይቻለሁ አለ፤ ሄደች፤ አልነበረም። ሌላው ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ አይቻለሁ አለ፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ላከች፤ አልነበረም። የመጀመሪያውን ዓመት በእንባ ጠየቀች። ሁለተኛውን ዓመት ያለ እንባ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ጥያቄው “ስኳር ይብዛ ይነስ?” ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣ ሌላ ጥያቄ ሆነ። መልሱን ሳትሰማ ብርጭቆ የምታጥብባቸው ቀናት ነበሩ።

የምትኖረው ከለተትንሳኤ ጋር ነው። ለተትንሳኤ የሁመራ ልጅ ናት፤ ጦርነቱን ሸሽታ ተከዜን ተሻግራ መጀመሪያ መንደር 8 የሚባለው የስደተኞች መጠለያ አረፈች፤ ከዚያ ሥራ ፍለጋ ገዳሪፍ ገብታ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ትንሿን ክፍል ተካፍለው፣ አንዷ ሌላዋን ብዙ ሳትጠይቅ አብረው ኖሩ። ለተትንሳኤ ተናጋሪ ናት፤ ትስቃለች፣ ትሳደባለች፣ ታለቅሳለች። እናትነሽ ታዳምጣለች።

“አንቺ እኮ ድንጋይ ሆነሻል” አለቻት አንድ ቀን።

“ይሻላል” አለች እናትነሽ።

ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ገዳሪፍ ከዚያ በመጣ ሰው ተጥለቀለቀች። ኡስታዝ ሉጥፊ ከእነዚያ አንዱ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ፈረንሳይኛና ጣልያንኛ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን ሰው። ተፈናቃይ ከሰፈረበት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ከብዙ ሰው ጋር ያድራሉ፤ ጠዋት ጠዋት እናትነሽ ሸራ ሥር መጥተው ይቀመጣሉ። የሚያስተምሩት ሰው ስላጡ ይመስላል ወሬያቸው ሁሉ ስለ ቃል ነው። ዕቃ እያነሡ “ይህ በእናንተ ምን ይባላል?” ይሏታል። ብርጭቆ ትላለች። ከሰል ትላለች። እሳቸው ቃሉን አፋቸው ውስጥ ያገላብጡታል።

አንድ ጠዋት ፊት ለፊታቸው የቆመውን ባለ ሰሊጥ ጭነት በአገጫቸው አሳዩና “ያስ?” አሉ።

“መኪና።”

ኡስታዝ ደስ አላቸው። “እሱማ የጣልያን ነው! ጣልያን አገራችሁ ገብቶ የተወላችሁ ቃል። ማኪና ይሉታል፤ መንገድ ላይ የሚሄደውን።”

“ጣልያን ነው?”

“ሥሩ ከዚያም ይርቃል። ድሮ ግሪኮች ዘዴን፣ ብልሃትን የሚጠሩበት ቃል ነበረ። ሮማውያን ከእነሱ ተቀብለው ድንጋይ ማንሻውን፣ ግንብ ማፍረሻውን ጠሩበት። ከዚያ በኋላ ከሮማውያን ቋንቋ የተወለዱት ተከፋፈሉት። ጣልያንና ሮማንያ መንገድ ላይ አስኬዱት። ፈረንሳይና ስፔን ለሚሄደው ሌላ ስም አላቸው፤ በዚህኛው የሚፈጭ፣ የሚሰፋ፣ የሚያትም ብረት ሁሉ ይጠሩበታል። ስፔን ደግሞ ማሴርን፣ ተንኮል መጎንጎንን ከዚሁ ሥር ያወጣዋል። ፈረንሳይ ጫፉን ቆርጦ ስሙ የጠፋበትን ሰው ይልበታል፤ እገሌ፣ እንትና እንደማለት።” ሻያቸውን ፉት አሉ። “እንግሊዝ ከፈረንሳይ ወሰደና ማሽን አለው።”

“ማሽንማ እኛም እንላለን።”

“ትላላችሁ? እንግዲያው አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ነው የተበደራችሁት። አንዴ ከጣልያን፣ አንዴ ከእንግሊዝ። ሁለት ቃል ይመስላችኋል እንጂ አንድ ነው።”

“ልብስ መስፊያውንም መኪና እንላለን አንዳንዴ” አለች እናትነሽ ሻይ እየቀዳች።

“አየሽ! የቀድሞ ትርጉሙ ጨርሶ አልጠፋም ማለት ነው። ወደ እኛ ወደ ሱዳን ሲመጣ ግን መንገድ ላይ አልወጣም። አረቢያ አለና። እኛ መከና እንላለን፤ ለወፍጮው፣ ለውሃ መሳቢያው፣ ለማሽላ መውቂያው።”

መከና የሚለውን ቃል እናትነሽ አሳምራ ታውቀዋለች። ከሜዳው ማዶ ያለውን ወፍጮ በአረብኛ ስትጠራ መከና ነው የምትለው፤ ዕለት ዕለት ትለዋለች። ግን ያ ወጣት በስልክ የነገራት በአማርኛ ነበር። በአማርኛ ሰምታ በአማርኛ አስቀመጠችው፤ ለሾፌሮቹ ስታወጣው ደግሞ በትክክል ተርጉማ አረቢያ አለችው። ሁለቱን ቃላት አንድ ቀን እንኳ ጎን ለጎን አስቀምጣ አታውቅም።

ሻይ ማንቆርቆሪያውን ከሰሉ ላይ መለሰችው።

“ኡስታዝ፣ ሱዳን ያደገ፣ አማርኛ እምብዛም የማይችል ሰው ቢሆን፣ መከና ለማለት ፈልጎ በአማርኛ ምን ይላል?”

“እኔ በምን አውቃለሁ? ድምፁ ይቀርባልና መኪና ይል ይሆናል።” ከዚያ ፊቷን አዩት። “ምነው ልጄ?”

በስልክ የተባለችውን ነገረቻቸው። ቃል በቃል፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በአረብኛ። ኡስታዝ መነጽራቸውን አወለቁ።

“ምን ነበር ሥራው?”

“ማሽላ።”

“አጨዳው አልቆ ነበር?”

“ታኅሣሥ ነበር። ውቂያ ላይ ነበሩ።”

ኡስታዝ ከዚያ በኋላ ስለ ቃል አልተናገሩም። “ይቅር በይኝ” አሉ።

“እርስዎ ምን አደረጉ” አለች እናትነሽ። ቀና ብላ የቆመውን ሾፌር አየችና “ስኳር ይብዛ ይነስ?” አለችው። ሌላውን ጥያቄ ግን አልጠየቀችውም።

እስከ ቀትር ሸጠች። ከዚያ ዕቃዋን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ትራክተርና መውቂያ ወደሚጠገንበት ሰፈር ሄደች። ገዳሪፍ በኖረችበት ጊዜ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ እዚህ መጥታ አታውቅም። መሬቱ በተቃጠለ ዘይት ጠቁሯል። የመጀመሪያው ጋራዥ ገብታ ጠየቀች፦ “ፋሽጋ ውስጥ፣ የወረርሽኙ ዓመት ሳይገባ፣ መከና የወሰደው ሐበሻ ታውቃላችሁ?”

አያውቁም። ወደሚቀጥለው ገባች። እዚያ መውቂያ ሥር የተኛ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ራሱን አወጣ።

“ልብሱ የተያዘበትን ነው የምትዪው? ዘንዶ የሚያህል ቀበቶ ያላት ትልቋ መከና?”

“ስሙ ውባየሁ ነው።”

“ስሙን አላውቅም። ሐበሻው እንል ነበር። ማሽላ ሲመግባት እጅጌውን ያዘችው።” ሰውዬው ተነሥቶ ተቀመጠ። “እኔ ነኝ መከናዋን የፈታኋት። ምንሽ ነው?”

“ባሌ ነው።”

ሽማግሌው እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። “ሚስቱ ታውቃለች ብለውን ነበር እኮ። ረድዋን ደውሎ ነግሯታል ብለውን ነበር።”

አራት ዓመት ሙሉ ማንም አልደበቃትም። ለጠየቀ ሁሉ የሚነገር ወሬ ነበር። ስለ መከና የጠየቀ ግን አልነበረም።

ረድዋን መካኒኩ ልኮበት በማግስቱ ሸራዋ ሥር መጣ። የሠራተኞቹ ሰፈር ጠባቂ የነበረ ሰው ልጅ ነው፤ ያኔ ገና ጢሙን ያላወጣ፣ አሁን ትራክተር የሚነዳ ወጣት። ተቀመጥ ስትለው ቆሞ ቀረ፤ ሁለተኛ ስትለው ተቀመጠ።

“ነግሬሽ ነበር ወላሂ” አለ። “መኪናው ወሰደው አልኩሽ።”

“ብለኸኛል።”

“ወዴት አልሽኝ። በእናንተ ሰው ሲሞት እንዲህ ተብሎ የሚጠየቅ መሰለኝ። አላህ ነው የሚያውቀው አልኩሽ። አላለቀስሽም። ይህቺ ሴት ልቧ ጠንካራ ነው አልኩ ለአባቴ።”

“ማሽን ብትለኝ ኖሮ ይገባኝ ነበር።”

“ማሽን?” ረድዋን ቃሉን እንደ ባዕድ ነገር አየው። “እሱን አላውቀውም ነበር። እናቴ የጎንደር ገጠር ሴት ናት፤ ሕፃን ሆኜ ሞተችብኝ። የማውቀው አማርኛ እሷ የምትለውን ብቻ ነው። ማሽን ስትል ሰምቼ አላውቅም።”

“ስልክህስ? ደጋግሜ ደወልኩ።”

“ያኔ ባትሪው አልቆ ነበር፤ በማግስቱ ገበያ ላይ ሰረቁኝ።”

እናትነሽ ሻይ ቀዳችለት። እሱ አልነካውም።

“ቶሎ ነው የሞተው?”

“ቶሎ ነው። እኔ ሮጬ ስደርስ አልቋል።”

“ደግ” አለች። ሌላ የሚጠየቅ ነገር እንዳለ ይሰማታል፤ ምን እንደሆነ ግን አልመጣላትም። ረድዋን ያለቅስ ጀመር። እሷ ፎጣ አቀበለችውና እስኪጨርስ ጠበቀችው።

የተቀበረበትን ላሳይሽ ያላት እሱ ነው። በአንድ ዓርብ ቀን በአሠሪው ፒክአፕ ይዟት ሄደ። ኬላ ላይ ወታደሩ ማን ናት ሲል “የቀን ሠራተኛ ናት” አለ፤ አሳለፏቸው። ሜዳው መጨረሻ የለውም። ማሽላው ታጭዶ የአገዳው ጉቶ፣ ቆረቆንዳው ብቻ ቀርቷል፤ ጥቁሩ መሬት ተሰነጣጥቋል። ረድዋን መኪናውን አቁሞ ወረደና ወዲያና ወዲህ ሲያይ ቆየ።

“እዚህ ጋ ግራር ነበረ” አለ። “ከግራሩ ሥር ነው የቀበርነው። ድንጋይም አድርገንበት ነበር።”

ግራር የለም። እርሻው ባለቤት ሲቀይር ዳሩ ድረስ ታርሷል፤ ግራሩም ተነቅሏል። ረድዋን በግምት ከአንድ ቦታ ተነሥቶ እስከ አንድ ቦታ ሄደ። “ከዚህ እስከዚህ ባለው ውስጥ ነው” አለ።

“ማን ነው የቀበረው?”

“እኔ፣ አባቴ፣ ሌሎችም ሠራተኞች። ፋቲሓ ቀራንለት። በእናንተ ምን እንደሚባል የሚያውቅ ሰው አልነበረም።”

“እግዜር ይስጣችሁ።”

እናትነሽ ረድዋን ባሳያት መሬት ላይ ቆመች። ቆረቆንዳው በጫማዋ ቀዳዳ ገብቶ እግሯን ወጋት፤ ጎንበስ ብላ አወጣችው። ነፋስ አለ። ከሩቅ ትራክተር ይሰማል። መንገዱን ሁሉ ስትመጣ እዚያ ስትደርስ የሚሆነውን ፈርታ ነበር፤ ራሷን መሬት ላይ ስትጥል ታይቷት ነበር። ምንም አልሆነም። ውሃ ጠማት፤ ውሃው መኪናው ውስጥ ነበር። የባሏን ፊት ልታስታውስ ሞክራ የታያት ጀርባው ነው፤ ብርድ ልብስ ተሸክሞ ከሰዎች ጋር ወደ ድንበሩ ሲሄድ ያየችው ጀርባ።

“እንሂድ?” አለ ረድዋን ብዙ ከቆዩ በኋላ።

“እንሂድ።”

እሑድ ከለተትንሳኤ ጋር ገዳሪፍ ካለው የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ለቄሱ ነገረች፤ ፍትሐት ተደረገለት። የክርስትና ስሙን ሲጠይቋት ወዲያው መጣላት፤ ወልደ ሚካኤል። ከዚያ ወጥታ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥላ ሥር ተቀመጠችና ለስንሻው ደወለች።

“ስንሻው፣ ውባየሁ ሞቷል።”

“ምን? ማን አለ? መኪና ነው? ገጨው?”

“መኪና አይደለም። ማሽን ነው። የማሽላ መውቂያ። ያኔውኑ ነው የሞተው፤ የደወሉልኝ ቀን። ልጁ ሊል የፈለገው እሱን ነበር።”

ስንሻው ጮኸ። ከኋላው ሴት ጮኸች፣ ሌላ ሰው ጮኸ፣ የውሻ ድምፅ ተሰማ፤ ስልኩ መሬት የወደቀ መሰለ። እናትነሽ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ቆየች። ደምቢያ ውስጥ የሚለቀሰውን ሁሉ ሰማች። የማን ድምፅ እንደሆነ ልትለይ ትሞክር ነበር፤ ያቺ ምነው ባልተፈጠርኩ የምትለው አክስቱ ናት፣ ያ ጎረቤታቸው ነው። ሲብስባቸው ዘጋችው።

“እና?” አለች ለተትንሳኤ። እሷ ዓይኗ አብጧል።

“እያለቀሱ ነው።”

ክፍላቸው ደጃፍ ላይ ምንጣፍ ዘረጉ። ወሬው በሜዳው ተሰምቶ ሰው ይመጣ ጀመር። ሾፌሮች መጡ፤ እጃቸውን ዘርግተው “አል-በረካ ፊኩም” እያሉ በእነሱ ወግ አጽናንተዋት ይቀመጣሉ፤ አንዳንዶቹ ለዓመታት ስትጠይቃቸው የነበሩ ናቸው፤ ዓይኗን አያዩም። ኡስታዝ ሉጥፊ መጥተው ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ የምትኖረው ሰዓዲያ አሲዳ የሚሉትን የማሽላ ገንፎ በትልቅ ሳህን ይዛ መጣች። ከእናትነሽ ጎን ተቀምጣ እጇን ያዘቻት።

“መቼ ነው የሞተው እህቴ?” አለቻት።

እናትነሽ አፏን ከፈተች። መልሱን ታውቀዋለች፤ የሞተበትንም የተረዳችበትንም ቀን ታውቃለች፤ የትኛው መባል እንዳለበት ግን አላወቀችም። ወደ ለተትንሳኤ ዞረች።

“ቆይቷል” አለች ለተትንሳኤ። ከዚያ ደግሞ፣ “ገና የሰማነው ግን አሁን ነው።”

ሰዓዲያ አልገረማትም። በዚያ ዓመት ገዳሪፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ሐዘን የተቀመጠ ብዙ ነበር። “ብዪ እንጂ” አለችና ሳህኑን አስጠጋችላት። እናትነሽ በላች።

ኡስታዝ በዚያ ክረምት ዘመዶቻቸው ወዳሉበት ፖርት ሱዳን ሄዱ፤ አንዴ ደውለው ደኅንነቷን ጠየቁ። ስንሻው በየጊዜው ይደውላል፤ የባልሽ ድርሻ መሬት አለ፣ ነይ ይላታል። በዚያ በኩል መንገዱ በጦርነት ተዘግቷል፤ ሲከፈት እመጣለሁ ትለዋለች። ትሂድ አትሂድ ራሷም አታውቅም። ለተትንሳኤ አንዳንድ ቀን ልብስ እያጣጠፈች ድንገት ታቆምና፣ “አለቀስሽ?” ትላታለች።

“አላለቀስኩም።”

“ይመጣል።”

“ይመጣ ይሆናል” ትላለች እናትነሽ፤ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ይዛ ታጥፋለች።